ቅጠሉ ሲቀደድ፦ ፊሎ በእጅ የመዳመጥ ማስታወሻ

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የቆመው ዘንግ የመጋረጃ ዘንግ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግለት የኖርኩት ለካ የሊጥ መዳመጫ ነው። ዛሬ ያያ "አምጪው" አሉኝና አመጣሁት። አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ውፍረቱ ከመጥረጊያ እንጨት ያንሳል። ከእናታቸው የወረሱት ነው። እናታቸው የዛጎሪ ሰው ነበሩ፤ በሰሜን ምዕራብ ግሪክ፣ ኢፒሮስ በሚባለው ተራራማ አገር ያለ አካባቢ ነው። እዚያ ፒታ የማይጋገርበት ቤት የለም ይላሉ ያያ፤ ፊሎ በሚሉት ስስ ሊጥ መሐል አይብ ወይም አትክልት ተደርጎ የሚጋገረውን ማለታቸው ነው። ሲያጋንኑ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲናገሩ ግን ዓይናቸው ይበራል።

ያያ ማለት በግሪክኛ ሴት አያት ማለት ነው። አብሬያቸው የምኖር፣ የምንከባከባቸው እናት ናቸው። ያለነው አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር ነው። ኪፕሴሊ ማለት የንብ ቀፎ ማለት ነው። ፎቁን በፎቅ ላይ፣ በረንዳውን በበረንዳ ላይ ላየው ሰው ስሙ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

የያያ ጣቶች በቁርጥማት ቆልመዋል። ዘንጉን መግፋት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። "ዘንድሮ አንቺ ትዳምጫለሽ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እቆጣለሁ" አሉ። ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ።

የፈለጉት ቲሮፒታ ነው፤ የአይብ ፒታ። ይህ ሳምንት ለግሪኮች የአይብ ሳምንት ነው። ሥጋ ትናንት ቆሟል። አይብ፣ ወተትና እንቁላል ግን እስከ እሑድ ይፈቀዳል፤ ረቡዕና ዓርብም ሳይቀር። ለእኔ ደግሞ ሁዳዴ ዛሬ ገባ። ጾመ ሕርቃል ነው። ሕርቃል እኮ የቢዛንታይን ንጉሥ ነበር። ለያያ ነገርኳቸው። "ሄራክሊዮስ? እሱማ የእኛ ነው!" አሉ። የእርስዎ ከሆነ ታዲያ ለምን እኛ እንጾምለታለን አልኩ። "እናንተ ጹሙለት፣ እኛ አይቡን እንብላለት" ብለው ሳቁ።

ስለዚህ እጋግራለሁ እንጂ አልቀምስም።

የዛሬው ሙከራ አጭር ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው። አቦካሁና ወዲያው ዘንጉን አነሳሁ። ሊጡ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ገፋሁት፤ ተመለሰ። ደግሜ ገፋሁት፤ ተመለሰ። በመጨረሻ የወጣው ወፍራም ቂጣ ነው። ያያ በጣታቸው ነካ አድርገው "ይህ ፊሎ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ነው" አሉ።

ፊሎ ማለት ቅጠል ማለት ነው። የዛፍም ቅጠል፣ የመጽሐፍም ቅጠል። እኛስ የብራና መጽሐፍን ገጽ ቅጠል እንል የለ? ቃሉ ሳይነገረኝ ገባኝ። ቅጠሉ ግን አልወጣ አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ ዘንግ አልነካሁም። ሊጥ ብቻ።

ያያ ሚዛን አይወዱም። "ዱቄቱ የሚጠጣውን ያህል ውሃ" ነው የሚሉት። እኔ ግን መዘንኩ፤ ያለዚያ ነገ አይደገምም። የወጣው ይህ ነው፦ 500 ግራም ጠንካራ የስንዴ ዱቄት፣ 270 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው።

ጠንካራ ዱቄት የሚባለው ፕሮቲኑ ከፍ ያለው ነው። ፕሮቲኑ ከውሃ ጋር ሲታሽ ግሉተን ይሆናል። ሊጡን ሳይበጠስ እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ሰኞ ዕለት ወደ ኋላ የጎተተብኝም እሱ ነው። ትኩስ የታሸ ግሉተን የተቆጣ ልጅ ማለት ነው፤ ስትጎትቱት ይጎትታችኋል። ካረፈ ይለቃል። አቼቶውም ሊጡን ያለሳልሰዋል፤ ዘይቱም እንደዚያው።

አሥር ደቂቃ አሸሁ። መቼ ይበቃዋል ብዬ ጠየቅሁ። ያያ የጆሮዬን ጫፍ ይዘው ጨመቅ አደረጉት። "እንደዚህ ሲሆን።" የጆሮ ጫፍ ልስላሴ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ሊጡን ዘይት ቀባሁት፣ በፎጣ ሸፈንኩት። አንድ ሰዓት ዝም። ከዚያ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። አልተመለሰም፤ በተውኩት ቦታ ቀረ። ሆዴ ባዶ ነው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ሆኖም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዛሬ ወጣ። እንዴት እንደወጣ በዝርዝር ልጻፈው፤ እጄ ቢረሳው ወረቀቱ ያስታውሰኝ።

ሊጡን ስድስት ቦታ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ ወደ 135 ግራም። አድቦልቡዬ እንደገና ግማሽ ሰዓት አሳረፍኳቸው። ጠረጴዛው ላይ የበቆሎ ስታርች ነሰነስኩ። ዱቄት አይደለም። ዱቄት ከሆነ ሊጡ ይጠጣውና እየጠነከረ ይሄዳል። ስታርች ላዩ ላይ ይቀራል፤ ቅጠሉ ራሱ ላይ ሲጠቀለል ሳይጣበቅ ይንሸራተታል።

ድቡልቡሉን መጀመሪያ የሰሐን ስፋት እስኪኖረው ተጫንኩት። ጨዋታው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የሊጡን ጫፍ ዘንጉ ላይ አንስቼ ጠቀለልኩት። ሁለት መዳፌን መሐሉ ላይ አሳረፍኩ። ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንከባለልኩ መዳፎቼን ወደ ዳርና ዳር አንሸራትታለሁ። ጉልበቱ ወደ ታች አይደለም፤ ወደ ጎን ነው። ሰኞ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር፤ ዘንጉን እንደ ዳምጠው መኪና ስጫነው ነበር። ከዚያ ቅጠሉን እፈታለሁ፣ ሩብ ዙር አዞራለሁ፣ ስታርች እነሰንሳለሁ፣ እንደገና እጠቀልላለሁ። ሰባት ስምንት ጊዜ። በየዙሩ አንድ መዳፍ ያህል ይሰፋል።

"ሲጋ ሲጋ" ይላሉ ያያ ከወንበራቸው። ቀስ፣ ቀስ።

በልጅነቴ አያቴ ጥጥ ሲዳምጡ አይቻለሁ። ድንጋይ ላይ ጥጡን ዘርግተው በቀጭን ብረት ያንከባልሉታል፤ ፍሬው ፊት ፊት እየተፈናጠረ ይወጣል። የእጃቸው አካሄድ ቁርጥ ይህ ነው። መዳፍ ከመሐል ወደ ዳር። ይህን ሳስታውስ እጄ ተፈታ። አራተኛው ቅጠል ላይ ያያ መቆጣት አቆሙ።

አንደኛው ቅጠል ተቀደደ። ሁለተኛውም ጫፉ ላይ ተቀደደ። "መሐል የሚገባውን ማን ያየዋል?" አሉ። የታችኛውና የላይኛው ቅጠል ብቻ ደህና ይሁኑ እንጂ መሐል ያሉት ቢቀደዱም፣ ቢጨማደዱም ችግር የለም። እንዲያውም የተጨማደደው አየር ይይዛል፤ ሲበስል ፈረፈር ይላል።

የትሪው ስፋት 36 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብ። ቅጠሎቹ ግማሽ ሜትር ደረሱ፤ ከእንጀራ ትንሽ ያነሱ። ሦስቱን ከታች አነጠፍኩ፣ በየመሐላቸው የወይራ ዘይት ረጨሁ። ፊሎን ፊሎ የሚያደርገው ይህ ነው። ዘይቱ አንዱ ቅጠል ሌላው ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በእሳት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ቅጠሎቹን ያነሳቸዋል። ዘይት ካጓደሉ ዳቦ ይሆናል።

መሙያው፦ 400 ግራም ፌታ የተፈረፈረ፣ 3 እንቁላል፣ 200 ግራም እርጎ፣ ቁንዶ በርበሬ። ያያ በማንኪያ ቀመሱና "ጨው ይቀረዋል" አሉ። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመርኩ።

ሦስቱን ቅጠል ከላይ አለበስኩ። ከትሪው ያለፈውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ስጠቀልለው ገመድ መሰለ። ሳይጋገር በፊት ላዩን በቢላ መክፈል ያስፈልጋል፤ ከበሰለ በኋላ ቢቆርጡት ይደቅቃል። በመጨረሻ ውሃ በእጅ እፍ እፍ አድርጎ መርጨት። ይህ ላይኛው ቅጠል ቶሎ ደርቆ እንዳይጠቀለል ነው።

የኦቨኑ ቁልፍ ላይ ሁለት መስመር ያለበት ምልክት አለ። ግሪኮች "ፓኖ ካቶ" ይሉታል፤ ከላይ ከታች። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች! ድፎ ዳቦ እኮ ነው። በያያ አገር ድሮ ኦቨን ሳይኖር ትሪው ላይ የብረት ክዳን ደፍተው ፍም ይቆልሉበት ነበር፤ ጋስትራ ይሉታል። ከእኛ ምጣድ ላይ ቆርቆሮና ፍም ከመከመር በምን ይለያል? 180 ዲግሪ፣ ታችኛው መደርደሪያ፣ 55 ደቂቃ።

ስትወጣ ወርቅ መስላ ነው። ቢላው ሲገባ ቀሽ ቀሽ አለ። የያያ ልጅ መጣና ሁለት ቁራሽ በላ፣ በላዩ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ማሞቂያውን አብዝተነው ነው መሰለኝ። ያያ "ካላ" አሉ። ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔ ምስር ወጤን በላሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የግሪኮች ጾም ዛሬ ገባ። ንጹሕ ሰኞ ይሉታል። ሊጥ የለም፤ ላጋና የሚባል ጠፍጣፋ ዳቦ ከዳቦ ቤት ተገዛ። ሕዝቡ ፊሎፓፑ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በክር የታሰረ የወረቀት ካይት ያበርራል። ስሙ ከሊጡ ጋር አይዛመድም፤ እኔም ጠይቄ ነው።

ገበታው ላይ ኦክቶፐስ ቀረበ። ጾም አይደል እንዴ አልኩ። "ደም የለውም" አሉ ያያ። ደም የለውም የሚባል የባሕር ፍጥረት ይፈቀድላቸዋል። የወይራ ዘይት ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ አይነኩም፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ። እኛ ደግሞ ዘይት ሁልጊዜ እንበላለን፣ ሰዓት ግን እንጠብቃለን። እንግዲህ ሥራው ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ያያ የሚያውቁት ፊሎ በወይራ ዘይት ነው፤ ለእኔም ቅዳሜ ሰዓት ስለሌለው ደክሞኝ አልዳምጥም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

የጾም ፒታ። ሆርቶፒታ፤ የቅጠላ ቅጠል ፒታ። ዛሬ የተማርኩት ስለ ሊጥ ሳይሆን ስለ ውሃ ነው።

ከሳምንታዊው የመንገድ ገበያ ስፒናች፣ ቆስጣ፣ ባሮ ሽንኩርትና አንድ እቅፍ እንስላል ገዛሁ። ያያ ከሜዳ የሚለቀም ቅጠል ነው የሚያምራቸው፤ አቴንስ ውስጥ ሜዳ ከየት ይምጣ። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ከትፌ ጨው ነስንሼ አሸሁት። ጨመቅሁት። አንድ ጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ ውሃ ወጣ። በቃው ብዬ ሞላሁት።

አልበቃውም። ታችኛው ቅጠል ገንፎ ሆነ። ላዩ ወርቅ፣ ታቹ ጭቃ። ያያ የላዩን ብቻ እየላጡ በሉት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይከፋል።

ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቅጠላ ቅጠል በእጅ ስለተጨመቀ አይደርቅም፤ እሳት ላይ ሲደርስ የደበቀውን ውሃ ይለቃል። ሁለተኛው የእኔ ክብር ነው። በዚህ ሳምንት ቅጠሉን እንደ ወረቀት አሳስቼዋለሁ። ከሥሩ ጋዜጣ ቢቀመጥ ይነበባል። ለያያ ልጅ በስልክ ፎቶ ላክሁለት፤ ኮራሁ። "ለማን ነው ያሳሳሽው?" አሉ ያያ። "የሚሸከመው አትክልት ነው።"

እውነታቸውን ነው። በእጅ የሚዳመጠው የገጠር ፊሎ ሆን ተብሎ ወፈር ይላል። የእርጥብ መሙያ ከረጢት ነው። በጣም የሳሳው ለጣፋጭ ነው፤ ለለውዝ፣ ለስኳር፣ ለቅቤ። እኔ ግን ከጅምሩ "ስስ" የሚለውን ቃል ብቻ ይዤ ነበር የሮጥኩት።

እሑድ፣ የካቲት 30

ደገምኩት። ቅጠላ ቅጠሉን ከትናንት ማታ ጀምሬ ወንፊት ላይ ጨው ነስንሼ፣ ድንጋይ የመሰለ ድስት ጭኜበት አሳደርኩት። ቅጠሉን ወፈር አደረግሁት፤ ግማሽ ሜትር ሳይሆን አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምኩ። ታች ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ነገር መነስነስ አለበት። ያያ ሩዝ ወይም ትራሃና ያደርጋሉ። የእሳቸው ትራሃና በወተት ተቦክቶ የደረቀ የስንዴ ፍርፋሪ ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ጓዳ ውስጥ ከኢትዮጵያ ሱቅ የገዛሁት ቅንጬ ነበር። አንድ እፍኝ ነሰነስኩ።

ታቹ ቀሽ አለ። ቅንጬው ጭማቂውን ጠጥቶ ራሱ በስሎ ተገኘ። ያያ ምን እንዳደረግሁ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ከረጢቱን አስመጥተው አሸተቱና "ይህ እኛም አለን፤ ፕሊጉሪ ነው" አሉ። እንግዲህ ቅንጬ በኢፒሮስ ፒታ ውስጥ ገባ። እኔም ይህችን ያለ ሐሳብ በላኋት፤ አራት ቁራሽ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የሱቅ ፊሎ ቀን። ሰነፍኩ ብላችሁ አትፍረዱ፤ ማወዳደር ፈልጌ ነው።

ሱቅ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት አይደለም። ክሩስታስ የሚሉት ቀጭን ነው። ቪሪቱ፣ ማለትም የቤይሩት ፊሎ የሚሉት ከዚያም ይሳሳል። ሖሪያቲኮ የገጠሩ ወፍራም ነው። ካዳይፊ ደግሞ ቅጠል ሳይሆን ክር ነው፤ የተበተነ ሹሩባ ይመስላል። ስፎሊያታ የሚባለው ግን ዘመድ ቢመስልም ሌላ ነገር ነው። እሱ ቅቤ ሊጡ ውስጥ እየታጠፈ የሚሠራ ነው፤ በራሱ ያብጣል። ፊሎ ውስጡ ቅቤ የለም፤ ቅቤው ወይም ዘይቱ የሚቀባው ሲነጠፍ ነው።

ከማቀዝቀዣ የወጣ ፊሎ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከፍሪዘሩ አውጥቼ ኩሽና ውስጥ ተውኩት። ላዩ ለሰለሰ፣ መሐሉ በረዶ ነው። ስፈታው በየእጥፉ ተሰነጠቀ። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ነበረብኝ። ሁለተኛውን ጥቅል እንዲያ አደረግሁት፤ እንደ ነጠላ ተዘረጋ። አንዴ ከተዘረጋ ደግሞ እርጥብ ፎጣ ካልተደረበበት በደቂቃ ውስጥ እንደ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ይሆናል።

ሙከራው ሳምቡሳ ነው። ምስር ቀቅዬ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ አደረቅሁት። ፊሎውን በረጅሙ ቆርጬ ጫፉ ላይ ምስር አድርጌ ሦስት ማዕዘን እያልኩ አጠፍኩ። ያያ "ትሪጎናኪያ!" አሉ። እነሱም አይብ አድርገው ልክ እንዲህ ያጥፉታል። እጥፉ አንድ ነው።

ግማሹን በዘይት ጠበስኩ። የሱቁ ፊሎ ለጥብስ አልሆነልኝም። ዘይቱን መጥጦ አበጠ፣ ሁለቱ ተፈቱና ምስሩ ድስቱን ሞላው። ሌላውን ግማሽ ዘይት ቀብቼ ኦቨን ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየሁት። ያ ግሩም ነው። ሲበላ ግን ፍርፋሪው ልብስ ላይ ይዘንባል፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም።

ለሚጠበሰው ያያ ሌላ ዘዴ አላቸው። በእጅ የሚሠራው ሊጥ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጺፑሮ መጨመር። ጺፑሮ የእነሱ አረቄ ነው። አልኮሉ በጋለ ዘይት ውስጥ ቶሎ ስለሚተን ሊጡ ቀለል ብሎ ቀሽ ይላል። ቤት ውስጥ ጺፑሮ አልነበረም፤ ኡዞ ነበር። ኡዞን ማን አያውቀውም፤ አዲስ አበባም ድሬም መጠጥ ቤት የደረሰ ሰው ያውቀዋል። በኡዞ አቦካሁ። ጥብሱ ተሳካ። ሽታው ግን እንስላልና አኒስ ሆኖ ምስሩን ተጫነው። ሁለተኛ በኡዞ አላደርግም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ለፈረንጆቹ ማርች 25 ነው። ለግሪክ ድርብ በዓል ነው፤ የነጻነት ቀናቸውና ብሥራት። ዛሬ ዓሣ ተፈቅዶ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ጠብሰው ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሉ። ፊሎ አልተነካም።

ማታ እናቴ ከድሬዳዋ ደወለች። የማደርገውን ነገርኳት። "ዘንግ ምን ያደርግልሻል? ፈጢራ የሚጋግሩትን አይተሽ የለም ወይ?" አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

መድኃኔዓለም ነው። ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት በኋላ ሊጥ።

የእናቴ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ድሬ ላይ ፈጢራ የሚጋግሩ ሰዎች ዘንግ አይነኩም። ሊጡን ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፋቸው ያሳሱታል፣ ጫፉን ይዘው አየር ላይ ይጥሉታል፣ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉታል። በየውርወራው ይሰፋል። በመጨረሻ እንቁላሉን አድርገው አራት ማዕዘን ያጥፉታል። ማር ጠብ ይደረግበታል።

ለያያ በእጄ እየወረወርኩ አሳየኋቸው። "ቡጋቻ!" አሉ። ቡጋቻ የሰሜን ግሪክ ቁርስ ነው፤ ተሰሎንቄ፣ ሴሬስ። ውስጡ ክሬም ወይም አይብ አለው፤ ላዩ ላይ ስኳርና ቀረፋ። በፈረንጆች 1922 ከታናሽ እስያ የተፈናቀሉት ግሪኮች ናቸው በእነዚያ ከተሞች ያስፋፉት። ጋጋሪው ሊጡን አየር ላይ ወርውሮ ነው የሚያሳሳው። አንድ እጅ ነው፤ የድሬም የተሰሎንቄም።

ሊጡን ለስለስ አደረግሁት፤ ለ500 ግራም 300 ሚሊ ሊትር ውሃ። ድቡልቡሎቹን ዘይት ውስጥ ነክሬ ሦስት ሰዓት ተውኳቸው። በዘንግ የሚዳመጠው አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ በእጅ የሚለጠጠው ግን ፈጽሞ መላላት አለበት። ዘይቱ ደግሞ ላዩ ቆዳ እንዳያወጣ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ መዳፌን ከሥሩ አስገብቼ ከመሐል ወደ ዳር ጎተትኩ። ሄደ! በዘንግ አንድ ወር የታገልኩትን በአምስት ደቂቃ አገኘሁት። ጠረጴዛውን ሸፈነ። የጠረጴዛው እንጨት ከሥሩ ታየኝ። ከዚያ ጠገብኩና ወረወርኩት። አንዱ ግማሽ ማብሰያው ኮፈን ላይ ተንጠለጠለ፣ ሌላው ራሴ ላይ አረፈ። ያያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ለጾሙ ብለን ክሬሙን ትተን ታሂኒና ስኳር ቀባንበት። ታሂኒ የተፈጨ ሰሊጥ ነው። እኛ ተልባና ሱፍ እንደምንፈተፍተው እነሱ በጾም ሰሊጥ ይበላሉ። ቅጠሉን ጠቅልዬ እንደ ቀንድ አውጣ አዞርኩት፤ 200 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ። ሁለቱን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። ማታ ትሪውን ይዘው መጡ፤ ባዶውን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቀዳም ሥዑር። አክፍያለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሥራው ግን ለነገ ነው።

ሁለት ትሪ። አንደኛው ጋላክቶቡሬኮ፤ የወተት ጣፋጭ። ለዚህ የሱቁን ክሩስታስ ነው የምጠቀመው። ከዚህ በፊት የተማርኩት ለዚህ ጠቀመኝ፤ ለቅጠላ ቅጠልና ለአይብ የእጅ፣ ለጣፋጭ የሱቅ። የሚከራከረኝ ካለ መጥቶ ለአሥራ ሁለት ቅጠል ዘንግ ይግፋ።

ቅቤው መንጠር አለበት። ያልተነጠረ ቅቤ ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ቅጠሉ ላይ ያርራል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ያያ ማስረዳት ሲጀምሩ "ይህንን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው። አረፋውን ገፈፍኩ፣ አተላውን ከታች ተውኩ። ኮረሪማና ኮሰረቱ ከመደርደሪያው ሆነው አዩኝ። አልነካኋቸውም፤ ለወተት ጣፋጭ አይሆኑም።

ወተት፣ ስሞሊና፣ እንቁላል፣ ቫኒላ። እሳት ላይ እንደ አጥሚት አማስዬ አወፈርኩት። ቅጠል በቅጠል ቅቤ እየቀባሁ ስድስት ከታች፣ መሙያው፣ ስድስት ከላይ። ሽሮፑን ቀድሜ ሠርቼ አቀዘቀዝኩት። ትኩስ ትሪ ላይ ቀዝቃዛ ሽሮፕ ነው የሚፈስሰው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ቅጠሉ ይርሳል። ሲፈስስ ጭስ አለ፤ ያ ድምፅ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ትሪ ቲሮፒታ። የካቲት 22 ላይ የጻፍኩትን እያየሁ ግራም በግራም ደገምኩት። ቅጠሎቹ በአርባ ደቂቃ አለቁ፤ አንድም አልተቀደደም። ያያ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

ፋሲካ ከግሪኮች ጋር አንድ ቀን ነው። ያያ እኩለ ሌሊት ላይ ሻማ ይዘው ተመለሱ። እኔ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ገባሁ። ጓደኞቼ ጋ ዶሮ ወጥ ቀምሼ ነው የመጣሁት።

ጠዋት ልጃቸው መጣ። "ክሪስቶስ አኔስቲ" ተባባልን፣ ቀይ እንቁላል አጋጨን። ቲሮፒታውን ቆረስኩ። ሃምሳ አምስት ቀን የጠበቅሁት ነው። ላዩ ቀሽ አለ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተለያዩ። አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ጨው! ጨው ብቻ! ምላሴ ተቆጣ። ልጃቸውን አየሁት፤ ውሃ እየቀዳ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። "የካቲትም እንዲሁ ነበር?" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። "ለምን አልነገርከኝም?" "እናቴ ካላ አለቻ" አለ።

ፌታ እኮ ከጨው ውሃ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ወራት ተነክሮበት። እኔ በዚያ ላይ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ያያ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ምላሳቸው ጨው ከተወ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማን ያውቃል። እሳቸው ሁለተኛ ቁራሽ እየጠየቁ ነው።

የካቲት 22 ላይ ያለውን የጨው መስመር አሁን በቀይ ሰርዤዋለሁ። ከጎኑ፦ "ፌታውን ማታ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ ለቅምሻ ያያን ሳይሆን ልጃቸውን መጥራት።"